ለክፉ ቀን የሚሸመተው፦ ከጀሪካን እስከ በሶ፣ ገንዘቡ የሚገባውና የማይገባው

አዲስ አበባ ላይ ለክፉ ቀን ልሸምት ብሎ የሚነሳ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው ጤፍ፣ ዘይትና ስኳር ነው። ሦስቱም አይጠሉም። ችግሩ ክፉ ቀን ብቻውን አለመምጣቱ ነው። መብራት ሲጠፋ የኮንዶሚኒየሙ የውሃ ፓምፕ አብሮ ይቆማል፤ ውሃ ከሌለ ሊጥ አይቦካም፤ ሊጡ ቢቦካ እንኳ የኤሌክትሪክ ምጣዱ አይግልም። እናም ኩንታል ጤፍ ጓዳ ውስጥ ተገትሮ ቤተሰቡ ዳቦ ቤት በር ላይ ይሰለፋል።

ስለዚህ ከዚህ በታች ያሉትን ዕቃዎች የመዘንናቸው በአንድ ጥያቄ ነው፦ በዚያ ቀን ሥራ ላይ ለማዋል ምን ያህል ውሃ፣ ምን ያህል መብራትና ምን ያህል እሳት ይጠይቃል? ትንሽ የሚጠይቅ ከፍተኛ ነጥብ ያገኛል። ስሌቱ ሁሉ አምስት ሰው ላለበት ቤት፣ ለ14 ቀን ነው። ዋጋ አልጻፍንም፤ የመርካቶ የዛሬ ዋጋ ለሚቀጥለው ሳምንት አይሠራም። 14 ቀን በዛ ለሚል፦ ውሃ በፈረቃ በሳምንት አንዴ ወይም ሁለቴ የሚደርሳቸው ሰፈሮች አሉ፤ የተቃጠለ ትራንስፎርመር እስኪቀየር ቀናት ያልፋሉ፤ በ2017 ዓ.ም. በአዋሽ ፈንታሌ ዙሪያ ሲደጋገም የከረመው የመሬት መንቀጥቀጥም ንዝረቱ አዲስ አበባ ድረስ ተሰምቷል።

የውሃ ዕቃ

ለመጠጥና ለማብሰያ ብቻ ለአንድ ሰው በቀን 4 ሊትር ይያዝ። ለአምስት ሰው፣ ለ14 ቀን 280 ሊትር ይሆናል፤ ይኸውም ባለ 20 ሊትር ጀሪካን አሥራ አራት ነው። መታጠቢያና ልብስ ማጠቢያ ሲጨመር ለሰው በቀን 15 ሊትር ይታሰባል፤ ያ ደግሞ 1,050 ሊትር ነው፤ ግቢ ላለው ሰው ባለ 1,000 ሊትር ሮቶ ማለት ነው። ኮንዶሚኒየም በረንዳ ላይ ሮቶ መስቀል ግን አይታሰብ፤ 500 ሊትር ውሃ ግማሽ ቶን ነው፤ በረንዳው ለዚያ አልተሠራም። መሬት ላይም ቢሆን ሮቶ ከሥሩ ሙሉ በሙሉ የተደላደለ መቀመጫ ይፈልጋል። ዳር ዳሩ ብቻ ብረት ላይ ያረፈ ሮቶ መሐሉ ይሰረጉድና ከጊዜ በኋላ ከታች ይሰነጠቃል።

ከሁሉም የሚመረጠው ያው ቢጫው የዘይት ጀሪካን ነው። አፉ ጠባብ ስለሆነ እጅ አይገባበትም፣ ጣሳ አይነከርበትም፤ አንድ ሰው ይሸከመዋል፤ አንዱ ቢበላሽ አሥራ ሦስቱ ይተርፋሉ። መርካቶ ምን አለሽ ተራ ታጥቦ የሚሸጠውን ሲገዙ ሦስት ነገር ይታይ። መጀመሪያ ሥሩ ይገልበጥና በሦስት ማዕዘን ውስጥ የተጻፈው 2 ቁጥር ይፈለግ፤ ለምግብም የሚያገለግለው ጠንካራ ፕላስቲክ ምልክቱ እሱ ነው። ይህ ግን ከዚያ በኋላ ምን እንደገባበት አይናገርምና ሁለተኛው ፈተና አፍንጫ ነው፦ ግማሽ ድረስ ሙቅ ውሃ ጨምሮ ዘግቶ ማሳደር፣ ጠዋት ከፍቶ ማሽተት። ናፍጣ ወይም የፀረ ተባይ ሽታ ካለው ለሽንት ቤት ውሃ እንኳ ባይሆን ይሻላል። ሦስተኛው ክዳኑ ነው። ጀሪካን የሚያፈሰው በአብዛኛው ከገላው ሳይሆን ከክዳኑ ነው፤ ሞልተው ደረቅ ካርቶን ላይ በጎኑ ያጋድሙት፣ ከአንድ ሰዓት በኋላ ካርቶኑ ከራሰ ክዳን ይቀየር።

አጠባቡ ላይ ብዙ ሰው የሚዘነጋው እጀታውን ነው። እጀታው ውስጡ ባዶ ቱቦ ነው፤ አሮጌ ዘይት እዚያ ይተኛና ገላው ጸድቶም ውሃው ዘይት ዘይት ይላል። ጀሪካኑን በሙቅ ውሃና ሳሙና እስከ አፉ ሞልቶ፣ ዘግቶ፣ ተገልብጦ ማሳደር ነው መድኃኒቱ። ጠጠርና አሸዋ ጨምሮ ማንቀጫቀጭ የተለመደ ቢሆንም አንመክረውም፤ ውስጡን ይጭረዋል፣ ጭረቱ ደግሞ የአተላ ማደሪያ ነው። ከታጠበ በኋላ ጥቂት በረኪና ያለበት ውሃ ሞልቶ አሳድሮ ማለቅለቅ ይበቃል። ቢጫው ብርሃን ስለሚያሳልፍ ፀሐይ የሚያገኘው ቦታ ላይ ከተቀመጠ አረንጓዴ ይይዛል፤ ጨለማ ጥግ ወይም ሸራ ከላዩ።

አፈ ሰፊ በርሜል ርካሽ ነው፤ ለመጠጥ ግን ከታች ቧንቧ ካልተገጠመለት አይሆንም፤ የቤቱ ልጅ ሁሉ ጆጉን ከነእጁ ይነክርበታል። ባዶ የሃይላንድ ጠርሙስ አትጣሉ። ሦስት አራተኛውን ውሃ ሞልታችሁ ፍሪዘር ውስጥ ብትደረድሩት መብራት ሲጠፋ ሥጋውን ያቀዘቅዛል፣ ሲቀልጥ ይጠጣል። አንድ ሳንቲም ሳያስወጣ ሁለት ሥራ የሚሠራ ሌላ ዕቃ በዚህ ዝርዝር ውስጥ የለም።

ውሃ ማከሚያ

ፋርማሲና ሱቅ ውስጥ ከሚገኙት መካከል ለክምችት የምንመርጠው አኳታብ የተባለውን የክሎሪን ክኒን ፍሬ ነው። በየፍሬው ተለይቶ ስለታሸገ በደረቅ ቦታ ለዓመታት ይቆያል፣ ልኬትም አያሳስትም። ነገር ግን ማሸጊያው ላይ ያለው ሚሊ ግራም ይነበብ። ለ20 ሊትር ጥሩ ውሃ የሚሆነው ባለ 67 ሚሊ ግራሙ ነው፤ ባለ 33ቱን አንድ ፍሬ ጀሪካን ውስጥ የጨመረ ሰው ግማሽ መድኃኒት ነው የሰጠው። ከጨመሩ በኋላ 30 ደቂቃ መጠበቅ ግድ ነው። ለ14 ጀሪካን 14 ፍሬ ይበቃል፤ 30 ቢገዛ ደፍርሶ ለመጣ ውሃ እጥፍ ለማድረግም ይተርፋል።

ውሃ አጋር የተባለው በጠርሙስ የሚሸጥ ማከሚያ ለዕለት ተዕለት ጥሩ ነው፤ በራሱ ክዳን ይለካል፣ መመሪያው በአማርኛ ጠርሙሱ ላይ ተጽፏል፣ እሱም 30 ደቂቃ ይፈልጋል። ድክመቱ ፈሳሽ ክሎሪን መሆኑ ነው። ሙቀትና ብርሃን ያደክመዋል፤ ሱቅ መስኮት ላይ ፀሐይ ሲመታው የከረመ ጠርሙስ ቀኑ ባያልፍም ጉልበቱ ያለፈ ሊሆን ይችላል። ሁለት ጠርሙስ ይበቃል፤ ካርቶን ሙሉ ማከማቸት ገንዘብ መድፋት ነው።

ፑር የተባለው ማከሚያ ዱቄት ባለ 4 ግራሙ ከረጢት ጭቃ ለሆነ ውሃ ነው። አንዱ ለ10 ሊትር፤ 5 ደቂቃ ይማሰላል፣ አተላው ሲዘቅጥ በንጹሕ ወፍራም ጨርቅ ወደ ሌላ ባልዲ ይጠለላል፣ ከዚያ 20 ደቂቃ ይጠበቃል። ሁለት ባልዲና ትዕግሥት ይፈልጋልና ቧንቧ ላለው ቤት ትርፍ ነው፤ ከወንዝና ከጎርፍ ውሃ ለሚቀዳ ግን ከሁሉም ይበልጣል።

በረኪና ከ5 እስከ 6 በመቶ ክሎሪን መሆኑ የተጻፈበትና ሽቶ የሌለው ከሆነ ለሊትር 2 ጠብታ፣ ለጀሪካን 40 ጠብታ ወይም ግማሽ የሻይ ማንኪያ ነው። መጠኑ ያልተጻፈበት፣ በሃይላንድ ጠርሙስ ተሞልቶ የሚሸጠው በረኪና ለወለል ይሁን፤ ምን ያህል እንደቀጠነ የሚያውቀው ቀጣኙ ብቻ ነው።

ማፍላት ቀላል ይመስላል፤ በእኛ መስፈርት ግን መጨረሻ ነው የወጣው። ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ባለ ከተማ ውሃ ከተንተከተከ በኋላ 3 ደቂቃ መቆየት አለበት፤ አዲስ አበባ ላይ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነውና። ያ ሁሉ ጋዝ ለውሃ ከሄደ ለወጥ ምን ሊተርፍ? በስምጥ ሸለቆ ለሚኖሩ አንድ ነገር ይታከል፦ ጥርስ የሚያበልዘው ፍሎራይድ በክሎሪንም በማፍላትም አይወጣም፤ እንዲያውም ውሃው ተኖ ሲቀንስ ይጠነክራል። እዚያ የሚከማቸው ውሃ ከጅምሩ ከታወቀ ደህና መስመር የተቀዳ መሆን አለበት።

ምግብ

በአገራችን የእርዳታ ሥርጭት ለአንድ ሰው በወር ሲሰፈር የኖረው 15 ኪሎ እህል፣ 1 ኪሎ ተኩል ጥራጥሬና ግማሽ ኪሎ የማይሞላ ዘይት ነው። ነፍስ ያቆያል፤ ግን እህሉ በዝቶ ጥራጥሬውና ዘይቱ ያንሳል። በቀን ለሰው 2,100 ኪሎ ካሎሪ ታስቦ ለአምስት ሰው፣ ለ14 ቀን የሚሻለው ሰፈራ 28 ኪሎ እህል፣ 8 ኪሎ ጥራጥሬና 3 ሊትር ዘይት ነው። ሃያ ስምንቱን ኪሎ እንዲህ እንከፍለዋለን፦ በሶ 8፣ ፓስታ፣ መኮሮኒና ሩዝ 9፣ ቆሎና ዳቦ ቆሎ 6፣ ድርቆሽ 5። ጥራጥሬው ሽሮ 4፣ የምስር ክክ 3፣ የተቆላ ሽንብራ 1። ጤፍ በዝርዝሩ ውስጥ የለም፤ ቤት ውስጥ መኖሩ አይቀርም፣ ለዚያ ቀን ግን አይቆጠርም። ሦስት ቀን ቡኮ፣ ብዙ ውሃና ሦስት አራት ኪሎ ዋት የሚበላ ምጣድ የሚጠይቅ ምግብ በዚህ ሚዛን የመጨረሻውን ነጥብ ነው የሚያገኘው፤ ቢያስከፋም።

አንደኛው በሶ ነው፣ ያለ ተፎካካሪ። ገብሱ አስቀድሞ ተቆልቷልና እሳት አይፈልግም፤ በቀዝቃዛ ውሃ፣ በጨውና በጥቂት ዘይት ይበጠበጣል ወይም ይጨበጣል። መቶ ግራሙ ወደ 350 ኪሎ ካሎሪ ይሰጣል። ገበያ ላይ ያለው በሶ ግን አንድ ዓይነት አይደለም። ዋናው ጉድለት ጥሬ የስንዴ ወይም የበቆሎ ዱቄት መደባለቁ ነው፤ ጥሬ ዱቄት በቀዝቃዛ ውሃ በጥብጦ መጠጣት ሆድ ያውካል፣ ሊያሳምምም ይችላል። መለያው ምላስ ነው፦ ቆንጠር አድርጋችሁ ስትቀምሱት እውነተኛው በሶ ቆሎ ቆሎ ይሸታል፣ አፍ ውስጥ ይበተናል፤ ጥሬ የገባበት እንደ ሊጥ ጥርስ ላይ ይለጠፋል። ሁለተኛው ጉድለት ገለባው በደንብ ሳይወጣ መፈጨቱ ነው፤ መዳፍ ላይ አሽታችሁ ብትነፉት የሚቀር ሹል ቁርጥራጭ ካለ ጉሮሮ ይቧጥጣል፣ ልጅም አይጠጣውም። በጣም የጠቆረውንም ተዉት፤ የሻገተ ገብስ አሳርሮ መሸፈን የታወቀ ዘዴ ነው።

ስለዚህ የተፈጨ ከመግዛት የእህል ገበያው እህል በረንዳ ወርዶ ነጭ ገብስ መርጦ፣ አስፈትጎ፣ ቆልቶ ማስፈጨት ይሻላል። ከተፈጨ በኋላ አየር በማያስገባ ዕቃ ሦስት ወር እንይዘዋለን፤ ከዚያ በላይ የገብሱ ቅባት ይሰንፋል፣ መረር ይላል። ቢቻል ግማሹን ብቻ አስፈጭቶ ግማሹን ቆሎውን እንዳለ ማስቀመጥ ነው፤ ሳይፈጭ ይቆያል፣ እንዳለም ይበላል። ጭኮ አድርጎ በንጥር ቅቤና በሚጥሚጣ መለወስ ደግሞ ውሃም አያስፈልገው፤ አንድ ጭብጥ ለግማሽ ቀን ያቆማል። ለጾም ግን አይሆንም።

ድርቆሽ ሁለተኛ ነው፣ ግን ተጠንቅቆ ለሚገዛ። ከሆቴል የተረፈ፣ ሁለት ቀን ያደረ እንጀራ ሰብስቦ የሚያደርቅ ነጋዴ አለ። ከመግዛታችሁ በፊት አንዱን ቁራጭ ብርሃን ላይ ያዙትና ዓይኑን እዩት። ሻጋታ የሚጀምረው ከእንጀራው ዓይን ውስጥ ነው፤ ላዩ ነጭ ሆኖ ዓይኑ ሥር አረንጓዴ ወይም ጥቁር ነጥብ ካለ ከመድረቁ በፊት ሻግቷል ማለት ነው፤ ማብሰል ይህን አያስተካክለውም። ሁለተኛው ፈተና ድምፅ ነው፦ ሲሰበር ቀጭ ማለት አለበት። የሚታጠፍ ከሆነ ርጥበት አለው፣ ከረጢት ውስጥ ይሻግታል። ቤት ማድረቅ ይመረጣል፤ በተጋገረ ቀን ቆራርጦ፣ ከአቧራ በስስ ጨርቅ ሸፍኖ፣ የበጋ ፀሐይ ላይ እያገላበጡ። በክረምት አትሞክሩት።

ሽሮ እሳትና ውሃ ይፈልጋል፤ ሆኖም ሃያ ደቂቃ ብቻ ስለሆነ ይታለፋል። ለክምችት ነጭ ሽሮው ከምጥኑ ይሻላል። ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል የገባበት ምጥን ሽሮ በደንብ ካልደረቀ ርጥበት ይይዛል፣ ጣዕሙም ቶሎ ይሄዳል፤ በርበሬውን ለብቻ ማስቀመጥ ነው። የነቀዝ እንቁላል ከወፍጮ ቤት ጀምሮ አብሮ ሊመጣ ስለሚችል ሽሮውን በላስቲክ አሽጎ ፍሪዘር ውስጥ አራት ቀን ማቆየት ይገድለዋል። ሲወጣ ላስቲኩ ሳይከፈት የቤት ሙቀት ላይ መድረስ አለበት፤ ቶሎ ከተከፈተ ጤዛ ይይዘዋል።

ከሚቀቀል ጥራጥሬ ምስር ክክ ብቻ የመረጥነው በነዳጅ ምክንያት ነው። ሙሉ ሽንብራና ባቄላ በዚህ ከፍታ ላይ ከመብሰሉ በፊት ከሰሉ ያልቃል። ፓስታ ላይም የነዳጅ መላ አለ፦ አንድ ሰዓት በቀዝቃዛ ውሃ ዘፍዝፎ ከዚያ ሁለት ደቂቃ ማፍላት በቂ ነው፤ ቅርጹ ትንሽ ይልፈሰፈሳል እንጂ ይበስላል።

ቆሎ ውስጥ ለውዝ ካለ ይለቀም። የተጨማደደ፣ የጠቆረ ወይም የሻገተ ፍሬ የአፍላቶክሲን መርዝ ሊኖረው ይችላል፤ መቁላት አያጠፋውም። ዳቦ ቆሎ ዘይት ስላለው ከአንድ ሁለት ወር በላይ አታስቀምጡት። የቆርቆሮ ምግብ ስንገዛ የተነፋ ወይም ስፌቱ የዛገ አይነካ፤ መክፈቻ መግዛትም አይረሳ። ዘይት በአዲስ አበባ ብርድ ቢረጋ የፓልም ዘይት ጠባዩ ነው፣ ብልሽት አይደለም። ጨው አዮዲን ያለበት 1 ኪሎ፣ ስኳር 3 ኪሎ። ቡና ያልተቆጠረበት የመጠባበቂያ ዝርዝር ደግሞ ለኢትዮጵያ ቤት አልተጻፈም፦ ጥሬውን አስቀምጡ፣ እሱ ይቆያል፤ የተቆላና የተወቀጠ ግማሽ ኪሎ ለመጀመሪያዎቹ ቀናት ይበቃል።

እህል በብዛት ለሚያስቀምጥ ባለ ሦስት ድርቡ የፒክስ ከረጢት ዋጋውን ያወጣል። ሁለቱን የውስጥ ላስቲኮች እያንዳንዳቸውን አየሩን አስወጥቶ ለየብቻ ጠምዝዞ ማሰር ነው፤ ነቀዙ አየር አጥቶ ይሞታል። እህሉ ደረቅ ካልሆነ ግን ከረጢቱ ሻጋታ ያሳድጋል። መሞከሪያው ቀላል ነው፦ ደረቅ ጠርሙስ ውስጥ አንድ እፍኝ እህልና አንድ ማንኪያ ደረቅ ጨው ጨምሮ መነቅነቅ፣ ሩብ ሰዓት ማቆየት። ጨው ጠርሙሱ ግድግዳ ላይ ከተጣበቀ እህሉ ገና ፀሐይ ይፈልጋል። የነቀዝ ፍሬ እየተባለ የሚሸጠውን የፎስፋይድ ክኒን ቤት ውስጥ በጭራሽ አታስገቡ። የሚለቀው ጋዝ ሰው ይገድላል፤ ማርከሻም የለውም።

መብራትና ስልክ

ፓወር ባንክ ላይ ያለው ቁጥር ሁልጊዜ ሙሉ እውነት አይደለም። ዕቃው እውነተኛ ቢሆን እንኳ 20,000 (ሚሊ አምፔር ሰዓት) የሚለው የውስጥ ባትሪው ልክ ነው፤ ወደ ስልክ ሲወጣ ቮልቴጁ ከፍ ስለሚል የሚደርሰው ከ12,000 እስከ 13,000 ነው። ባለ 5,000 ባትሪ ስልክ ሁለት ጊዜ ተኩል ገደማ ይሞላል ማለት ነው። ሐሰተኛውን የሚያጋልጠው ሚዛን ነው፦ እውነተኛ ባለ 20,000 ከ300 ግራም በታች አይመዝንም። ሱቅ ውስጥ በወርቅ ሚዛን መመዘን ያሳፍራል ካላችሁ ከታወቀ ዕቃ ጋር በእጅ አወዳድሩት። ጀርባው ላይ በትናንሽ ፊደል የሚጻፈውን ትክክለኛ የውጤት ቁጥር ያልጻፈ አምራች አይታመን።

ለቤት መብራት ባለ ሶላር ፋኖስ ከሁሉም ይቀድማል፤ ዲ ላይትና ሰን ኪንግ የጥራት ፈተና ያለፉ ሞዴሎች አሏቸው፣ ዋስትናም ይሰጣሉ። ፓነሉ ከመስታወት ጀርባ ሳይሆን ውጪ፣ ፀሐይ ፊት ለፊት ይቀመጥ። ሐምሌና ነሐሴ ላይ የሚጠራቀመው ብርሃን ይቀንሳልና ሁለት ፋኖስ ይኑር። ትላልቆቹ በኤሌክትሪክ የሚሞሉ መብራቶች ውስጣቸው የሊድ አሲድ ባትሪ ከሆነ መጥፎ ምርጫ ናቸው፤ ባዶ እንደሆነ ሦስት ወር ቁም ሳጥን ውስጥ ከቆየ ባትሪው ዳግም አይነሳም። ያላችሁ በየወሩ ሙሉት። በድንጋይ የሚሠራ የእጅ ባትሪ ካለ ድንጋዩ ወጥቶ አጠገቡ ይታሰር፤ ውስጡ የተተወ ድንጋይ ያፈሳል፣ ስፕሪንጉንም ይበላዋል። በድንጋይ የሚሠራ ትንሽ ሬዲዮም ይግባ። ኔትወርክ ሲሄድ ኤፍ ኤም 97.1፣ ፋና 98.1 ወይም ሸገር 102.1 ወሬ የሚደርስበት መንገድ ናቸው። ሻማ መጠባበቂያ ሳይሆን የእሳት አደጋ ነው፤ መጋረጃና ልጅ ባለበት ቤት አንመክረውም።

እሳት

የሲሊንደር ጋዝ በቀን ሁለት ሰዓት አንድ ምድጃ ለሚያነድ ቤት ለ14 ቀን ወደ 5 ኪሎ ይፈልጋል። ስንት እንደቀረ በመነቅነቅ አይታወቅም፤ አንገቱ ላይ የተቀረጸው የባዶ ክብደቱ ነው፣ ሲሊንደሩን መዝኖ ያንን መቀነስ። ስትገዙም እዚያው ሱቅ ይመዘን። ቤት ሲገጠም ቫልቩ፣ ሬጉሌተሩና ጎማው ላይ የሳሙና አረፋ ይቀባ፤ አረፋው ከተነፋ ጋዝ ያመልጣል። ጎማው ሲታጠፍ የሚሰነጣጠቅ ከሆነ ይቀየር። ጋዙ ከአየር ስለሚከብድ ወለል ላይ ይተኛል፤ ሲሊንደር ምድር ቤት ወይም መውጫ የሌለው ጓዳ ውስጥ አይቀመጥም።

ከሰል ላቀች በተባለው ቆጣቢ ምድጃ ይቆጥባል፣ ርካሽም ነው፤ በየክረምቱ ግን ሰው ይገድላል። የከሰል ጭስ መርዙ አይሸትም፣ አይታይም፤ አመድ የለበሰ ረመጥ እንኳ ሌሊቱን ሙሉ ይለቀዋል። ከሰል ደጅ ይቀጣጠል፣ ደጅ ይብሰልበት፣ ደጅ ይደር። ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ በአንድ ቤት ያለውን ሰው ሁሉ በአንዴ ከያዘ መስኮት ከፍቶ መውጣት፣ ከዚያ 907 የቀይ መስቀል አምቡላንስ ወይም 939 የአዲስ አበባ እሳት አደጋ መደወል ነው። ላምባ ምድጃ እየነደደ አይሞላ፤ ቤንዚን የተቀላቀለበት ላምባ ይፈነዳል።

ፋርማሲና ጽዳት

ውሃ ሲበላሽ መጀመሪያ የሚመጣው ተቅማጥ ነው። በተቅማጥ የወጣውን ፈሳሽ የሚተካው የኦአርኤስ ከረጢት አሥር ይኑር፤ አንዱ በአንድ ሊትር የታከመ ውሃ ይበጠበጣል፣ 24 ሰዓት ካለፈው ይደፋል። ሁለት ሊትር ላይ ማቅጠን ወይም ግማሽ ላይ ማወፈር አይሆንም፤ በተለይ ወፍሮ ልጅን ይጎዳል። ከረጢት ካለቀ በአንድ ሊትር ውሃ ስድስት ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ ማንኪያ ጨው ይተካዋል። የደም ግፊት፣ የስኳርና የአስም መድኃኒት ያለው ሰው የሁለት ሳምንት ትርፍ ከእጁ አይጥፋ። ሳሙና ስድስት፣ ሞዴስ፣ በረኪና፣ ወፍራም የቆሻሻ ላስቲክና ክዳን ያለው ባልዲ፤ ሽንት ቤቱ ውሃ ሲያጣ ባልዲው ላስቲክ ለብሶ አመድ እየተነሰነሰበት ያገለግላል።

የት፣ መቼ

እህል በረንዳ ገብስና ጥራጥሬን በዋጋም በምርጫም የሚስተካከለው የለም፤ ግን የሚወደው ኩንታል ነውና ሁለት ሦስት ቤት ተባብሮ መግዛት ያዋጣል። ጆንያውን ከላይ ብቻ አይታችሁ አትዋዋሉ፤ ከመሐልና ከሥር ይዘገን። የሰንበት ገበያ ለክክና ለዱቄት ደህና ነው። የሸማቾች ማኅበር ዘይትና ስኳር ሲመጣ ይሻላል፤ ሲመጣ። ሱፐርማርኬት ለፓስታና ለቆርቆሮ ይሁን፤ ቅናሽ የተደረገበት ዕቃ ቀኑ የተቃረበ መሆኑ የተለመደ ነው።

ገብስና ጥራጥሬ አዝመራው ሲገባ፣ ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ይገዛ፤ ቋንጣውም ድርቆሹም ያኔ ነው የሚደርቀው። ዐቢይ ጾም ሽሮውን፣ ክኩንና በሶውን በራሱ ጊዜ ያስበላል፤ ስለዚህ አሮጌውን ለማውጣት ማስታወሻ መጻፍ አያስፈልግም። ከፋሲካ በኋላ የጎደለው ይሞላ፣ ገብሱ አዲስ ይቆላ። ጀሪካኖቹ ግንቦት ላይ ይደፉ፣ ይታጠቡ፣ ፋኖሶቹ ይፈተኑ፣ ሲሊንደሩ ይመዘን፤ ዝናቡ የመብራት መስመር መጣል የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው።